በጀቱ ጸድቋል፣ መንገዱ ለምን ቆየ? የክልል መሠረተ ልማት ገንዘብ ከየት ተነሥቶ የት ይደርሳል

በየዓመቱ ሐምሌ አካባቢ የክልል ምክር ቤቶች ተሰብስበው በቢሊዮን ብር የሚቆጠር በጀት ያጸድቃሉ። ዜናው መንገድ፣ ውኃ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ይጠቅሳል። ጥቅምት ሲገባ የቀበሌው ሰው ግሬደሩን መጠበቅ ይጀምራል። ጥር ላይ ቀያሾች መጥተው ካስማ ይተክላሉ። ሚያዝያ ላይ አፈሩ ይገፋል፤ ሰኔ ላይ ዝናቡ ይደርስና የተገፋው አፈር ጭቃ ሆኖ ያድራል። ያን ጊዜ ሁሉም የሚለው አንድ ነው፦ «ገንዘቡ ተበላ!»

አንዳንዴ እውነትም ተበልቷል። ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ በአደባባይ የሚታይ ነው፦ የበጀቱ አቆጣጠርና የዝናቡ አቆጣጠር አይገጣጠሙም። ለምሳሌነት በአብዛኛው የምናየው የአማራ ክልልን ነው፤ የሌሎቹም ክልሎች አሠራር በዋናው ነገር ተመሳሳይ ነው።

«በጀት ጸደቀ» ማለት ገንዘቡ ካዝና ገባ ማለት ነው?

አይደለም። የጸደቀ በጀት የማውጣት ፈቃድ ነው። ዕቁብ የገባ ሰው «ዘንድሮ ይደርሰኛል» ብሎ የቤት መሠረት ሲያስቆፍር ዕቅዱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ዕጣው እስኪወጣ ድረስ ግን በእጁ ያለው ዕቅዱ ብቻ ነው። የክልል በጀትም ሁለት ክፍል አለው፦ ከፌዴራል መንግሥት የሚመጣው ድጎማ፣ እና ክልሉ ራሱ እሰበስባለሁ ያለው ገቢ። ድጎማው በዓመቱ ውስጥ እየተከፋፈለ ይላካል። የራሱ ገቢ ግን ግምት ነው። ንግድ ከቀዘቀዘ፣ መንገድ ከተዘጋ፣ ሰላም ከደፈረሰ ግምቱ አይሞላም። ገቢው ሲያንስ ደግሞ መጀመሪያ የሚቆረጠው ግንባታ ነው፤ የመምህርና የነርስ ደመወዝ «ወር ይቆይ» አይባልምና።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላትን መለየት ይጠቅማል። መደበኛ በጀት ደመወዝ፣ ነዳጅ፣ አበል፣ መድኃኒት፣ የቢሮ ወጪ ነው። ካፒታል በጀት ደግሞ ለዓመታት የሚያገለግል ነገር የሚሠራበት ነው፦ መንገድ፣ ድልድይ፣ የውኃ ጉድጓድ፣ ሕንፃ። አንድ ክልል «ይህን ያህል ቢሊዮን በጀት» ሲል የሁለቱን ድምር እየተናገረ ነው። ስለ መንገድ ማወቅ የሚፈልግ ሰው መጠየቅ ያለበት የካፒታሉን ቁጥር ነው።

ክልሉ ገንዘቡን ከየት ያመጣዋል?

ሕገ መንግሥቱ ግብርን በሦስት ይከፍለዋል። በአንቀጽ 96 ለፌዴራል የተሰጠው አለ፤ ከትልልቆቹ አንዱ የጉምሩክ ቀረጥ ነው። በአንቀጽ 97 ለክልል የተሰጠው የእርሻ ሥራ ግብር፣ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ፣ የግለሰብ ነጋዴ ግብርና የክልል ሠራተኞች የሥራ ግብር ነው። በአንቀጽ 98 ደግሞ የጋራ የሚባሉት አሉ። ዳጎስ ያለው ገቢ በፌዴራል እጅ ስለሚሰበሰብ ክልሎች ያለ ድጎማ አይንቀሳቀሱም።

በቁጥር እንየው። ለ2017 በጀት ዓመት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጀመሪያ ያጸደቀው የፌዴራል በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር። ከዚህ ውስጥ ለመደበኛ ወጪ 451.3 ቢሊዮን፣ ለካፒታል 283.2 ቢሊዮን፣ ለክልሎች ድጋፍ 222.7 ቢሊዮን፣ ለዘላቂ ልማት ግቦች ማስፈጸሚያ 14 ቢሊዮን ተመድቧል። ለክልሎች የተያዘው ከመቶ 23 ያህል ነው። ለሁሉም ክልል ተከፋፍሎ፣ አብዛኛው በየክልሉ ለደመወዝ ይውላል። የዘላቂ ልማት ግቦች ገንዘብ ግን ለካፒታል ሥራ ተብሎ የሚላክ ስለሆነ መጠኑ ትንሽ ቢመስልም ለገጠር መንገድና ለውኃ ትርጉም አለው።

ድርሻውን የሚያከፋፍለው ገንዘብ ሚኒስቴር የሚመስለው ብዙ ነው። ቀመሩን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ሥልጣኑ በአንቀጽ 62 ንዑስ አንቀጽ 7 ተጽፏል። ቀመሩ በአጭሩ ሁለት ነገር ያወዳድራል፦ ክልሉ ሕዝቡን ለማስተማር፣ ለማከም፣ ውኃና መንገድ ለማቅረብ ምን ያህል ያስፈልገዋል? ከራሱስ ምን ያህል መሰብሰብ ይችላል? ክፍተቱ ሰፊ የሆነበት የበለጠ ያገኛል። የሕዝብ ብዛት ትልቅ ክብደት ስላለው ክርክሩም የሚነሣው እዚያ ላይ ነው። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሚሠራው በትንበያ ነው።

ክልሉም ያገኘውን ለወረዳዎች በቀመር ያከፋፍላል። ይህ አሠራር በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው ደቡብ ክልል የተጀመረው በ1994 እና 1995 ዓ.ም. ገደማ ነው። ወረዳ ላይ የሚደርሰው ጥቅል በጀት ግን አብዛኛው መምህር፣ ጤና ባለሙያና የግብርና ሠራተኛ ይከፈልበታል። የወረዳው አስተዳዳሪ «በጀት የለኝም» ሲል የሚዋሽ የሚመስላቸው አሉ፤ ለወረዳው ለካፒታል የሚተርፈው ብዙ ጊዜ በእርግጥም ጥቂት ነው።

ይህ መንገድ የማን ነው?

አቤቱታ ከመጻፍ በፊት መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ ይህ ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳርና ጎንደር የሚወስደው ዋና መንገድ በክልሉ መሬት ላይ ቢያልፍም የፌዴራል ነው፤ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ይሠራዋል፣ ይጠግነዋል። በባሕር ዳር ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይም እንዲሁ በፌዴራል ገንዘብ የተሠራ ነው። ወረዳን ከወረዳ የሚያገናኙት ጠጠር መንገዶች የክልሉ ናቸው። ቀበሌን ከዋና መንገድ የሚያገናኙት ደግሞ በወረዳ እጅ ይወድቃሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የተከፈቱት ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ነው።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። የፌዴራሉን መንገድ ጉዳይ ለወረዳ ያመለከተ ሰው ዓመት ሊጠብቅ ይችላል፤ ወረዳው በዚያ መንገድ ላይ አንድ ብር የማውጣት ሥልጣን የለውም።

ካሳም ከዚህ ጋር ይያያዛል። መንገድ ሲያልፍ ማሳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ቤት ይነካል። የካሳ አከፋፈሉን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው። በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው ማሻሻያ የፌዴራል ፕሮጀክቶችን ካሳ ጭምር የመክፈል ኃላፊነት ወደ ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች አምጥቶታል። ስለዚህ ዛሬ በፌዴራል ብር የሚሠራ መንገድ ክልሉ ካሳ ባለመክፈሉ ምክንያት ሊቆም ይችላል። ሥራ ተቋራጩ «ወሰን አልተከበረልኝም» ሲል የሚናገረው ይህንን ነው፦ ማሽኑ ቆሟል፣ ባለ ይዞታው አልተከፈለም፣ መሬቱ አልተለቀቀም።

አዲስ በጀት ሲመጣ ለምን አዲስ ሥራ አይጀመርም?

አንድ የክልል መንገድ በአንድ ዓመት አያልቅም። ዘንድሮ ውል ሲፈረም የሚቀጥሉት ሁለትና ሦስት ዓመታት በጀትም አብሮ ተያዘ ማለት ነው። በዚህ መንገድ የተንከባለሉ ፕሮጀክቶች ሲከማቹ አዲሱ የካፒታል በጀት ገና ሳይጸድቅ ባለቤት አለው፤ ላለፈው ዓመት ያልተከፈለ ክፍያና ላልተጠናቀቀ ሥራ ይሄዳል።

ትልቁ ስሕተት የሚፈጸመው እዚህ ነው፤ ሳይደበቅ መነገር አለበት። አሥር ወረዳ መንገድ ሲጠይቅ ለአምስቱ የሚበቃውን ገንዘብ ለአሥሩ መበተን ቀላል ነው፤ ሁሉም የመሠረት ድንጋይ ያገኛል። ነገር ግን በግማሽ ገንዘብ የተጀመረ መንገድ የግማሽ መንገድ አገልግሎት አይሰጥም። አፈሩ ተቆርጦ ጠጠር ያልለበሰ 10 ኪሎ ሜትር አንድ ክረምት ሲያልፍበት ጎርፍ ይቦረቡረዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት የአፈር ሥራው በከፊል እንደገና ይሠራል። ያው ሥራ ሁለት ጊዜ ተከፈለበት ማለት ነው።

ዋጋም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ከ100 ብር በላይ ሆነ። ነዳጅ፣ ሬንጅ፣ የማሽን መለዋወጫ፣ ጎማ ከውጭ ነው የሚመጣው። ጊዜያቸው አጭር የሆኑ ውሎች ብዙ ጊዜ የዋጋ ማስተካከያ አይፈቅዱም። ከዚያ ቀን በፊት ዋጋ ሰጥቶ ያሸነፈ ተቋራጭ ያለው ምርጫ ከስሮ መጨረስ ወይም እያዘገመ መደራደር ነው።

ሐምሌ 1 እና ክረምቱ

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። በደጋውና በወይና ደጋው አፈር ሊቆረጥና ሊጠቀጠቅ የሚችለው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው። በወረቀት ላይ ይህ ጥሩ ይመስላል፦ ክረምቱን ጨረታ አውጥቶ በበጋው መሥራት።

በተግባር የሚሆነው ሌላ ነው። ሐምሌ የበጀት ድልድሉ ለየመሥሪያ ቤቱ ይወርዳል። ነሐሴና መስከረም የጨረታ ሰነድ ይዘጋጃል፤ ዲዛይኑ ያላለቀ ከሆነ እዚህ ይቆማል። ጥቅምት ማስታወቂያው በበኩር ወይም በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ይወጣል። ተጫራቾች ሰነድ ገዝተው፣ የጨረታ ማስከበሪያ ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) አስይዘው ያስገባሉ። ኅዳር ግምገማ ነው፤ አንድ ተጫራች ቅሬታ ካቀረበ ቅሬታው እስኪታይ ሂደቱ ይታገዳል። ታኅሣሥ ወይም ጥር ውል ይፈረማል። ተቋራጩ ዋስትና አምጥቶ፣ ቅድመ ክፍያ ተቀብሎ፣ ካምፕ ሠርቶ፣ ዶዘርና ግሬደር አጓጉዞ ሥራ ሲጀምር የካቲት ገብቷል። በበልግ አብቃይ አካባቢ ደግሞ ያን ጊዜ ዝናብ ይጥላል። ስምንት ወር መሆን የነበረበት የሥራ ጊዜ አራት ወር ቀረው።

ከዚያ ሰኔ ይደርሳል። ያልተከፈለ የበጀት ገንዘብ ዓመቱ ሲዘጋ ተመላሽ ይሆናል። ስለዚህ በግንቦትና በሰኔ የክፍያ ጥድፊያ አለ፤ አንዳንድ ቦታም ሥራው ሳይጠናቀቅ ክፍያው ይሞላል። ለቁጥጥር በጣም አደገኛው ወር ይህ ነው።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፦ ዲዛይን፣ የወሰን ማስከበርና የጨረታ ሰነድ ካለፈው በጀት ዓመት ጀምሮ ተዘጋጅቶ ሐምሌ ላይ መጠበቅ አለበት። ይህን የሚያደርጉ መሥሪያ ቤቶች ጥቅምት ላይ ማሽን ያስገባሉ።

ተቋራጩ እንዴት ይከፈለዋል?

ውሉ 100 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። ተቋራጩ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና ያስይዛል፤ የተለመደው የውሉ 10 በመቶ፣ እዚህ 10 ሚሊዮን ነው። ቅድመ ክፍያው 30 በመቶ ከሆነ በዋስትና 30 ሚሊዮን ይወስዳል። ይህ ስጦታ አይደለም፤ ከየክፍያው እየተቀነሰ ይመለሳል።

መጀመሪያ 20 ሚሊዮን የሚያወጣ ሥራ ሠራ። አማካሪ መሐንዲሱ ለክቶ የክፍያ ሰርተፊኬት ያዘጋጃል። ከ20 ሚሊዮኑ ለቅድመ ክፍያ ተመላሽ 6 ሚሊዮን ይቀነሳል፤ ለመያዣ (ሪቴንሽን የሚሉት) 5 በመቶ፣ 1 ሚሊዮን ይያዛል። ተጨማሪ እሴት ታክስን ትተን እጁ የሚገባው 13 ሚሊዮን ነው። ይህ 13 ሚሊዮን ሦስት ወር ከዘገየ ነዳጅ የሚገዛበት ያጣል፣ የተከራየው ሮለር ይሄድበታል።

ሥራው ሲያልቅ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል፤ ከዚያ ብዙውን ጊዜ 12 ወር የጉድለት ማረሚያ ጊዜ አለ። በዚህ ዓመት የተሰነጠቀ ድልድይ፣ የተዘጋ ቱቦ፣ የሰመጠ ሙሌት በተቋራጩ ወጪ ይታረማል፤ መያዣውም ሙሉ በሙሉ የሚለቀቀው ከመጨረሻው ርክክብ በኋላ ነው። ነዋሪዎች ይህን ጊዜ ቢያውቁት ብዙ ይጠቅማል። አንድ ሙሉ ክረምት በውስጡ ያልፋልና ጉድለቱ በግልጽ ይታያል፤ በጽሑፍ ማሳወቅ የሚገባው ያን ጊዜ ነው።

ጠጠር መንገድ ምን ይፈልጋል? የት ይበላሻል?

10 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 6 ሜትር፣ የጠጠር ልብሱ ውፍረት 15 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ይህ የተጠቀጠቀ 9 ሺህ ሜትር ኩብ ገረጋንቲ (ለመንገድ ልብስ የሚሆን ጠጠራማ አፈር) ነው። ገረጋንቲ ሲጫን ልል ስለሆነ 11 ሺህ 500 ሜትር ኩብ ገደማ ማጓጓዝ ያስፈልጋል። 16 ሜትር ኩብ የሚጭን ሲኖትራክ 720 ያህል ጊዜ መመላለስ አለበት። የገረጋንቲው ጉድጓድ 5 ኪሎ ሜትር ላይ መሆኑና 25 ኪሎ ሜትር ላይ መሆኑ ዋጋውን ምን ያህል እንደሚለውጠው ከዚህ ይገባል። ሁለት መንገዶች ርዝመታቸው አንድ ሆኖ ዋጋቸው የሚለያየው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ውፍረቱን ማረጋገጥ ከባድ አይደለም። በዶማ ጠርዙ ላይ ሳይሆን መሐሉ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ተቆፍሮ በሜትር ይለካል። ውሉ 15 ብሎ ልኬቱ 9 ከሆነ ከመቶ 40 የሚሆነው ጠጠር የለም።

የመንገዱ ጠላት ውኃ ነው። ስለዚህ መሐሉ ከፍ ብሎ ወደ ሁለቱ ጎን ዘንበል ማለት አለበት። 5 በመቶ ተዳፋት ሲሰጠው የ6 ሜትሩ መንገድ መሐል ከጠርዙ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ዝርግ ከሆነ ውኃው ይተኛል፤ የተኛበት ላይ ጎማ ሲያልፍ ጉድጓድ ይሆናል። ጎን ላይ ያለው ቦይ መድረሻ ያስፈልገዋል፤ ወደ ገበሬው ማሳ የሚጥል ቦይ ገበሬው ይደፍነዋል፣ ልክም ነው፤ ዲዛይኑ ነው የተሳሳተው። የውኃ ማሳለፊያ ቱቦው ጠባብ ከሆነ በአንድ ክረምት ደለል ይሞላዋል፤ ሰው ገብቶ ሊጠርገው የሚችለው 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ነው።

መረሬ አፈር የራሱ ጣጣ አለው። በፎገራ ሜዳ እንዳለው ያለ ጥቁር አፈር በበጋ ተሰንጥቆ እግር ያስገባል፤ በክረምት አብጦ ይነሣል። በላዩ ላይ በቀጥታ ጠጠር ቢደፋበት ጠጠሩ ይሰምጣል። ወይ ተቆርጦ በተመረጠ አፈር ይተካል፣ ወይ ከሜዳው ከፍ ተደርጎ ይሞላል። ሁለቱም ውድ ናቸው፤ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚዘለለው ግን ይኸው ነው። ጥቅጠቃውም እንዲሁ፦ አፈር በ20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ንብርብር እየተነጠፈ፣ በቦቴ ውኃ እየጠጣ፣ በሮለር መጠቅጠቅ አለበት። በበጋ ውኃ 15 ኪሎ ሜትር ርቆ ሲገኝ ቦቴው ይቀንሳል። በደረቁ የተጠቀጠቀ አፈር ዛሬ ጠንካራ ይመስላል፤ ሐምሌ ላይ ይፈርሳል።

ደኅና የተሠራውም ቢሆን ጠጠሩ በጎማና በዝናብ በዓመት ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ያልቃል። 15 ሴንቲ ሜትር የሆነው ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ቢቆይ ነው። ለጥገና ተብሎ በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የተቋቋመ የመንገድ ፈንድ አለ፤ ገንዘቡ በዋናነት ከነዳጅ ላይ ይሰበሰባል። ይሁን እንጂ በ1989 ዓ.ም. 26 ሺህ 550 ኪሎ ሜትር የነበረው የአገሪቱ መንገድ ከ100 ሺህ አልፏል። የፈንዱ ገንዘብ ለዋና ዋናዎቹ ይውልና የቀበሌ መንገድ ጥገና በነዋሪው ጉልበት ላይ ይወድቃል። ከክረምት በፊት ቦይና ቱቦ መጥረግ በአካፋ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ያልተጠረገ ቱቦ ግን መንገዱን ይቆርጠዋል።

ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ ውኃው የት አለ?

በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የገጠር ውኃ መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ የሚል ነበር። አምስት ሰው ላለበት ቤት 125 ሊትር፣ ከስድስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ትንሽ የሚበልጥ ነው። 3 ሺህ ሰው ላለበት ቀበሌ በቀን 75 ሺህ ሊትር ይሆናል። በሰከንድ 3 ሊትር የሚሰጥ ጉድጓድ ይህን በሰባት ሰዓት ፓምፕ ያሟላዋል።

ጥልቅ ጉድጓድ ሲቆፈር ገና አንድ እጅ ሥራ ነው። የውኃ መጠን ሙከራ፣ ጠላቂ ፓምፕ፣ ኃይል፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ታንከር፣ መስመርና ቦኖ ይቀራሉ። እያንዳንዱ በሌላ ጨረታ፣ አንዳንዴም በሌላ በጀት ዓመት ነው። ኃይሉ ከዋናው መስመር ከሆነ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ እርሱ የፌዴራል ተቋም ሥራ ነው። በየገጠሩ አፉ በብረት ክዳን ተበይዶ የቆመ ቱቦ፣ አጠገቡ ሣር የበቀለበት የሲሚንቶ ንጣፍ የምናየው በዚህ ምክንያት ነው። ሪፖርት ላይ «ጉድጓድ 1፣ አፈጻጸም መቶ በመቶ» ተብሎ ተጽፏል። እናቶች ግን ዛሬም ወንዝ ይወርዳሉ። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ስንት ጉድጓድ ተቆፈረ ሳይሆን ስንት ቦኖ ውኃ ያወርዳል የሚለው ነው።

ነዋሪው ምን መጠየቅ ይችላል?

ወረዳዎች በፋይናንስ ግልጽነትና ተጠያቂነት አሠራር በጀታቸውን በሕዝብ ሰሌዳ እንዲለጥፉ ይጠበቃል። ሰሌዳው ከሌለ የወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ይጠየቃል። በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ እንዲህ ተብሎ፦ የፕሮጀክቱ ባለቤት ፌዴራል ነው፣ ክልል ነው ወይስ ወረዳ? የውሉ ዋጋ ስንት ነው፣ እስካሁን ስንት ተከፈለ፣ ለዘንድሮ የተያዘለትስ? ውሉ የሚያልቀው መቼ ነው፣ ጊዜ ተራዝሞለታል? የካሳ ክፍያው አልቋል? አማካሪ መሐንዲሱ ማን ነው? ጊዜያዊ ርክክብ የተደረገው በየትኛው ቀን ነው?

የመጨረሻውን ቀን ይመዝግቡት። ከዚያ ቀን አንሥቶ ዓመት እስኪሞላ ድረስ የሚታየውን ስንጥቅ፣ የሰመጠ ሙሌትና የተደፈነ ቱቦ ከነቦታውና ከነፎቶው ለባለቤቱ መሥሪያ ቤት ማስገባትና የደረሰኝ ማኅተም ማስመታት ያስፈልጋል። ከመጨረሻው ርክክብ በኋላ ያው ጥገና ከሕዝብ በጀት ነው የሚወጣው።